መልስ፦ ዓይነት 9 ሲጨነቅ «ወደ 6 ይሄዳል» ማለት ዓይነቱ ተቀየረ ማለት ነው?

ሰላም እህቴ፣ አይቀየርም። በኤኒያግራም (የሰውን ጠባይ ከ1 እስከ 9 ቁጥር በተሰጣቸው ዓይነቶች የሚከፍል ዘዴ) መሠረታዊው ዓይነት እንዳለ ይቆያል፤ በሥዕሉ ላይ ቁጥሮቹን የሚያገናኘው ቀስት የሚያሳየው ውጥረት ሲበረታ ከሌላ ዓይነት የምትበደሪውን ጠባይ ነው። የውጥረቱ መስመር ከ1 ወደ 4፣ 2፣ 8፣ 5፣ 7 ሄዶ 1 ላይ ይገባል (1ን ለ7 ስታካፍዪ ከነጥብ በኋላ የሚመጡት ቁጥሮች ናቸው፤ ለማስታወስ ይረዳል)። ሌላው መስመር ከ9 ወደ 6፣ 3 ሄዶ 9 ላይ ይገባል። የእድገቱ በተቃራኒው ይነበባል።

9 ለሰላም ሲል «እሺ» እያለ ያጠራቀመው ሲሞላ የ6 ስጋት ይመጣል፦ ክፉ ክፉውን ማሰብ፣ ሰውን መጠራጠር፣ የወሰኑትን ደጋግሞ ሌላ ሰው መጠየቅ።

እድገቱ ወደ 3፣ ግቡን ለማሳካት ወደሚተጋው ዓይነት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሥራ መጠመድን እድገት ይለዋል። 9 ግን ዋናውን ጉዳይ ለመሸሽ በትንንሽ ሥራ መጠመድን ያውቅበታል! ስለዚህ ጠዋት ከማንም ጋር ሳትነጋገሪ የራስሽን አንድ ፍላጎት ጻፊና መጀመሪያ እሱን ሥሪ። አንድ ነገር ስትጠየቂም ወዲያው «እሺ» አትበይ፤ «አስቤ እመልሳለሁ» ማለት ይበቃል። ቁጣ ሲመጣ አትዋጪው፣ የምትፈልጊውን ብዙ ጊዜ የሚነግርሽ እሱ ነው።

እንቅልፍ ካጣሽ ወይም ስጋቱ ለሳምንታት ከቆየ ግን ባለሙያ አማክሪ፤ ኤኒያግራም የሕመም መመርመሪያ አይደለም።