የኮምፒውተር መምህራን ስለ ኮድና ቅጂ መብት የጠየቁት

ጥያቄዎቹ ብዙ ናቸው፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። የአገራችሁን ሕግ ዝርዝር ግን እናንተው እዩት።

ጥያቄ፦ ጊትሃብ (ሰዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ ለሁሉም የሚታይ ኮድ አገኘሁ። የፈቃድ ፋይል የለውም። አባዝቼ ለተማሪዎቼ ላድል?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ ካልተጻፈበት «እንደፈለጋችሁ» ማለት አይደለም፤ መብቱ በሙሉ የባለቤቱ ነው። በበርን ስምምነት (የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ውል) መሠረት የቅጂ መብት ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልግም። ኮዱ ሲጻፍ መብቱም አብሮ ይመጣል። አንዳንድ አገሮች ለማስተማር የተለየ ቦታ ይሰጣሉ፤ ወሰኑ ግን ይለያያል። ስለዚህ ሊንኩን ስጧቸው፤ ወይም ባለቤቱን ጠይቁት።

ጥያቄ፦ ኮዱ የኤምአይቲ ፈቃድ (ብዙ ነገር የሚፈቅድ አጭር የኮድ ፈቃድ) ካለውስ?

መልስ፦ ያኔ ቀለል ይላል። መቅዳት፣ መቀየር፣ መሸጥ ሳይቀር ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ የባለመብቱ ስም ያለበት መስመርና የፈቃዱ ጽሑፍ ከኮዱ ጋር አብረው ይሂዱ። «ገጹን አጣበበ» ብሎ ያንን የሚያጠፋ አለ። እሱን አጠፋችሁ ማለት ፈቃዱን ጣሳችሁ ማለት ነው። ጂፒኤል የሚባለው ሌላው ፈቃድ ጠበቅ ይላል፤ ቀይራችሁ ለሌላ ስትሰጡ ምንጭ ኮዱን በዚያው ፈቃድ መስጠት አለባችሁ።

ጥያቄ፦ ባብል ሶርትን (ዝርዝርን በቅደም ተከተል የመደርደሪያ ዘዴ) ለማስተማር ማንን ላስፈቅድ?

መልስ፦ ማንንም! የ1994ቱ የትሪፕስ ስምምነት (የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ውል) ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ይጠብቃል። ጥበቃው ግን ለአጻጻፉ እንጂ ለሐሳቡ፣ ለአሠራሩ ወይም ለሒሳቡ አይደለም። ፓተንት (ለፈጠራ የሚሰጥ የብቸኝነት መብት) ግን ሌላ ነገር ነው፤ አሠራሩን ራሱን ሊይዝ ይችላል። ለምሳሌ አርኤስኤ የሚባለው መልእክትን በምስጢር የመቆለፊያ ዘዴ በአሜሪካ በ1983 ፓተንት አግኝቶ እስከ 2000 ድረስ በባለቤትነት ተይዞ ነበር።

ጥያቄ፦ ተማሪዬ ኮድ ከኢንተርኔት ወስዶ ምንጩን ጠቅሷል። ነጻ ነው?

መልስ፦ ከኩረጃ፣ አዎ። ከቅጂ መብት ግን የግድ አይደለም፤ ስም መጥቀስ ፈቃድን አይተካም። በተቃራኒው፣ ፈቃዱ ሁሉን የሚፈቅድ ኮድ ወስዶ «የኔ ነው» ብሎ ያስረከበ ተማሪ በሕግ ባይጠየቅም ኮርጇል። ሁለቱን ለየብቻ አስተምሯቸው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎች በቡድን የሠሩት አፕ የማን ነው?

መልስ፦ ሌላ ውል ከሌለ ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ነው፤ መምህሩ ስላረመው የእሱ አይሆንም። እናንተ ለሥራችሁ ያዘጋጃችሁት ማስተማሪያ ግን በብዙ አገር የቀጣሪው ሊሆን ይችላል። የቅጥር ውላችሁን አንብቡት።