የቡና ዋጋ ሲወርድ፦ በጅማ ገጠር ሥራ ለምትጀምሩ

በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራ ወይም በማና ሱቅ ለመክፈት፣ ወፍጮ ለመትከል ወይም ቡና ከገበሬ እየገዛችሁ ለመሰብሰብ የምታስቡ ልጆቼ፣ የቡና ዋጋ ሲወድቅ ገጠሩን ቀድሞ የሚጎዳው ዱቤ መሆኑን ከወዲሁ እወቁ።

ለቡና ገበሬ ዋናው ገንዘብ የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ክረምቱን ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና የልጆች ደብተር በዱቤ ይገዛል፤ ባለሱቁም ዕቃውን ከጅማ አከፋፋይ በዱቤ ነው ያመጣው። ዋጋ በግማሽ ሲወርድ ገበሬው ከዕዳው ከፊሉን ብቻ ይከፍላል፣ ባለሱቁ ለአከፋፋዩ መክፈል ያቅተዋል፣ በሚቀጥለው ክረምት ዕቃ የሚያምነው አያገኝም። የቆርቆሮ፣ የልብስና የስልክ ገበያ ቀድሞ ይቆማል። የጥር ሠርግ ይተላለፋል፤ ልብስ ሰፊውም ባለባጃጁም ሥራ ይፈታሉ። ገበሬው ያጠፋው ነገር የለም፤ በ1989 እ.ኤ.አ. አገሮች ወደ ውጭ የሚሸጡትን ቡና መጠን የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮታ ፈረሰ፣ ቬትናም ምርቷን አበዛች፣ በ2001 እና በ2002 እ.ኤ.አ. የዓለም አማካይ ዋጋ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ።

ስለዚህ ዱቤ ከመስጠታችሁ በፊት ቤተሰቡ አምና ስንት ኪሎ እንደሸጠ ጠይቁ። በዛሬው ዋጋ ሳይሆን በግማሹ አስሉት፤ ዱቤው ከዚያ ሩብ ባይበልጥ ይሻላል ባይ ነኝ። በሁለት ደብተር ይጻፍ፣ አንዱ ባለዕዳው ዘንድ ይቀመጥ። ለአከፋፋዩ የምትከፍሉበትን ቀን ከታኅሣሥ በፊት አታድርጉት። የእድር ገንዘብ ለንግድ አትንኩ።

ቡና የምትሰበስቡ ሒሳቡን ልቅም አድርጋችሁ ያዙ። 100 ኪሎ ቀይ እሸት 17 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም አንድ ፈረሱላ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ከጀንፈል (ከነገለባው ከደረቀ ቡና) ደግሞ ለዚያው ፈረሱላ 34 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። ብዙ ወጣት የሚከስረው እርጥበት ላይ ነው። እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ ቡና ወደ 12 በመቶ ሲደርቅ 91 ኪሎ ይቀራል፤ ዘጠኙን ኪሎ የከፈላችሁት ለውኃ ነው። ሳይደርቅ ካከማቻችሁት ይሻግታል። በብድር የገዛችሁትን ቡና ደግሞ ዋጋው ይመለሳል ብላችሁ አታስቀምጡ፣ ወለዱ ይቀድማችኋል። ቢያንስ ብድሩን የሚሸፍነውን ያህል ወዲያው ሽጡ።

ቤተሰባችሁ የቡና ማሳ ካለው፣ በመጥፎ ዓመት ሦስት ነገር እንዳይፈጽም ለምኑት፦ ቡናውን ዛፍ ላይ ሳለ ለአራጣ አበዳሪ መሸጥ፣ የለቃሚ ክፍያ ለመቆጠብ ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ መግፈፍ፣ ማሳውን ነቅሎ በሙሉ ጫት መትከል። መግፈፉ ጥራቱን ስለሚያበላሽ የወረደውን ዋጋ ይብስ ያወርደዋል።

ያረጀ ቡና ለመጎንደል ግን ዋጋ የወረደበት ዓመት ይመቻል፤ የምታጡት ገቢ ያነሰ ነውና። ለቀማው እንዳለቀ ግንዱን ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ውኃ እንዳያቁር አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቁረጡት። ከሚያቆጠቁጡት ጠንካራ ሁለት ወይም ሦስት ቀንበጥ አስቀሩ፣ ሌላውን ንቀሉ። እንደገና ለማፍራት ሁለት፣ ሦስት ዓመት ስለሚፈጅ በአንድ ጊዜ ከማሳው ከሩብ በላይ አትጎንድሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በረድፉ መካከል ቦሎቄ ዝሩበት።