የኤክስሬይ ኤአይ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የእኛን ጉድ ስማ

ወንድሜ፣ «ሆስፒታላችን የደረት ኤክስሬይ አይቶ ቲቢ የሚለይ ኤአይ ሊገዛ ነው፤ የቱን እንምረጥ?» ብለሃል። የቱንም ምረጡ። እኛ የተቃጠልነው በአንዲት ቁጥር ነው።

1. መቁረጫ ነጥቡን ራሳችሁ አውጡ። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ምስል ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ከስንት በላይ ያገኘ ሰው አክታ ይስጥ የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኛ ሻጩ ሞልቶት የመጣውን ቁጥር እንዳለ ተቀበልን። በአካባቢያችን ቲቢ ታሞ የዳነ ሰው ብዙ ነው፤ ጠባሳው ሳንባው ላይ ቀርቷል። ማሽኑ ጠባሳ ባየ ቁጥር ነጥቡን ይሰቅለዋል። ሁሉንም ወደ ጂን ኤክስፐርት (አክታ ውስጥ የቲቢ ተህዋስ የሚፈልግ የላብራቶሪ መሣሪያ) ስንልክ፣ ለአንድ ምርመራ አንድ የሚፈጀው ካርትሬጅ በ3ኛው ሳምንት አለቀ። የላብራቶሪው ኃላፊ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ «የዳነውን ሰው መልሳችሁ ልታሳምሙት ነው?» አለኝ። አፈርኩ። የባሰው ግን ደም ቀላቅሎ የሚያስለው ሰው ካርትሬጅ የለም ተብሎ መመለሱ ነው።

2. ግዥ ክፍል... ኧረ ይሄ እንኳ ምክር ሳይሆን ብሶት ነው። መቁረጫ ነጥቡን ለማስተካከል ተጨማሪ ካርትሬጅ ስንጠይቅ፣ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ማሽኑ ያውቃል ብላችሁ አይደል ያስገዛችሁን?» አለ። አንድ ወር ሙሉ አመላለሰን። የማስተካከያውን በጀት ከሶፍትዌሩ ጋር በአንድ ደብዳቤ ጠይቁ።

በመጨረሻ ለ2 ወር ራዲዮሎጂስታችን ማሽኑ የሰጠውን ነጥብ ሳታይ ኤክስሬዮቹን አነበበች፤ ማሽኑም ለብቻው አነበበ። ሁለቱን ከአክታ ውጤት ጋር በኤክሴል አነጻጸርን። ኤክሴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማታ ማታ፣ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ። የሚያመልጠን ሕመምተኛ እንዳይኖር አንድ በአንድ እያየን መቁረጫ ነጥቡን ከፍ አደረግነው። አሁን ጎረቤት ሆስፒታል «ያቺን ፋይል ላክልን» ይለኛል። ፋይሉን እልካለሁ፤ ቁጥሩን ግን አልነግራቸውም። የእነሱ በሽተኛ ሌላ ነው።

3. ልጆችን አታስገቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ዘዴ ሲመክር ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ነው። እኛ ጋ አንድ ተረኛ የ9 ዓመት ልጅ አስገብቶ፣ ነጥቡ ዝቅ ስላለ «ነፃ ነህ» ብሎ ሊሸኘው ሲል ደረስኩበት።

ለመሆኑ ኤክስሬያችሁ ዲጂታል ነው ወይስ ፊልም? ፊልም አጥባችሁ በስልክ እያነሳችሁ ልትጭኑ ከሆነ ገና ምንም አትፈርሙ። መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።