“ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም” የምትል ወረቀት

ሰሞኑን አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ “ጋሼ፣ የገጨኝ መኪና ባለቤት ሽማግሌ ልኮብኛል። ስልሳ ሺህ ብር እሰጣለሁ፣ እንታረቅ ይላል። እግሬ ውስጥ ብረት ገብቷል፤ ገና አልቆምኩበትም። ልፈርም?”

በአንድ ቃል መልሼለት ዝም ማለት እችል ነበር። ጥያቄው ግን በጠበቃነት ይዤው በ2008 ዓ.ም. ገደማ የተዘጋ አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ አስታወሰኝና እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ።

የዚያ መዝገብ ባለቤት የ24 ዓመት ልጅ ነው። አትክልት ተራ ሽንኩርት እያወረደ ነበር የሚኖረው። አንድ ኤፍ.ኤስ.አር. የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ከግድግዳ ጋር አጣበቀውና የጭኑ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሹፌሩ አልሸሸም፤ ራሱ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰው። ካርድ ክፍል “ምን ሆኖ ነው?” ሲሉት ግን “ከጭነት ላይ ወድቆ” አላቸው። ፈርቶ ነው እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። ካርዱ ላይ የተጻፈችው ግን ያቺው ቃል ናት። ዕድሜውንም የሚያውቅ ስላልነበረ በግምት 30 ተብሎ ተሞላ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው አልጋው ድረስ መጡ። የሆስፒታሉን ሒሳብ ባለንብረቱ ከፍሎ ነበር፤ ያ በልጁ ቤተሰብ ዘንድ ትልቅ ውለታ ሆኖ ታየ። ከዚያ 25 ሺህ ብር በፖስታ ቀረበ። ወረቀቱን ከፍርድ ቤት አጥር ሥር የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነው የጻፈው፤ ከደብተር የተገነጠለ ባለመስመር ቅጠል፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ። “በደረሰብኝ ጉዳት ብር 25,000 ተቀብዬ በሽማግሌ ስለታረቅሁ ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም” ይላል። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረ፣ መጻፍ የሚችል ነበር። ቀኝ እጁ ላይ ጉሉኮስ ስለነበረ ግን በግራ አውራ ጣቱ አሻራ አስቀመጡት። አሻራው ተንሸራትቶ “የለኝም” የምትለውን ቃል ግማሽ ሸፍኗታል። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች።

በአራተኛው ወር አጥንቱ እንዳልገጠመ ታወቀ፤ ብረቱ አካባቢ መግል ያዘ። ብረቱ ወጣ፣ ተጠረገ፣ ሌላ ገባ። በመጨረሻ እግሩ በአራት ሴንቲ ሜትር አጠረ፤ ጉልበቱም ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ጉባኤ፣ የሕክምና ቦርድ የሚባለው፣ 40 በመቶ ዘላቂ የአካል ጉዳት ብሎ ጻፈለት። ያን ይዞ ቢሮዬ የመጣው አደጋው በደረሰ በ19ኛው ወር ነው።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራ፤ ብዙዎቻችሁ ካሣ እንዴት እንደሚሰላ አታውቁምና። ልጁ በቀን 200 ብር ያገኝ ነበር፣ በወር 26 ቀን እየሠራ። በወር 5,200፣ በዓመት 62,400 ብር ነው። ከዚያ 40 በመቶው 24,960 ብር ይሆናል። ከ24 ዓመቱ እስከ ጡረታ ዕድሜ እስከ 60 ድረስ 36 ዓመት አለ። 24,960 በ36 ሲባዛ 898,560 ብር። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈልና የወደፊቱ ስለማይታወቅ ዳኞች በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባሉት መጠን፣ ይቀንሱታል፤ ሙሉውን አገኛለሁ ብላችሁ አታስቡ። ቢቀነስም ግን 25 ሺህ አይሆንም። ካርዱ ላይ በግምት የገባችውን 30 ዓመት ደግሞ እዩአት፤ መታወቂያ ባይገኝ ኖሮ ስድስት ዓመት ትበላ ነበር፣ 149,760 ብር ማለት ነው።

ክስ መሠረትን። ባለንብረቱ ያችን ባለመስመር ቅጠል ይዞ ቀረበ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት ጉዳዩ በዕርቅ ማለቁ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይሆናል፤ ማለትም ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ የሚነሣ መቃወሚያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 ደግሞ በዕርቅ ያለቀ ነገር በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው ይላል፤ ሕጉን ባለማወቄ ነው ብሎ ማፍረስም አይቻልም። የጉዳቱ መጠን ሲፈረም አይታወቅም ነበር ብለን ተከራከርን። አልተሳካም።

ይኼ ሁሉ ሆኖ የሚቆጨኝ ፍርዱ አይደለም። ልጁ ከመፈረሙ ሁለት ቀን በፊት እኅቱ ቢሮዬ መጥታ ነበር። ችሎት ነበረብኝ። “ከሰዓት ተመለሺ” አልኳት። አልተመለሰችም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ሕጉ እናንተ ከምታስቡት በላይ ለተጎጂው ያዘነብላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ “ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ወጣ፣ አበቃልን” ብላችሁ ፋይል አትዝጉ፤ በቁጥር 2149 መሠረት የወንጀሉ ነፃ መውጣት የካሣውን ዳኛ አያስርም። ባለንብረቱ የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው መሆኑን ካረጋገጠ ነው። ሁለት መኪና ተጋጭቶ የማን ጥፋት እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ኃላፊነቱ እኩል ለእኩል ይከፈላል።

ሹፌሩን ብቻ የሚከስ ሰው አያለሁ። ሹፌር ምን አለው? ደመወዙ ነው፣ እሱም ካለ። ሰሌዳውን ይዛችሁ ትራንስፖርት ቢሮ ሊብሬው፣ የባለቤትነት ደብተሩ፣ በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ፤ ያንን ሰው፣ ሹፌሩንና ኢንሹራንሱን አንድ ላይ ክሰሱ። እዚህ ላይ የተለመደ ወጥመድ አለ። መኪናው ስሙ ሳይዛወር በውክልና ብቻ ሦስት ቦታ ተሽጦ ይሆናል፤ ሊብሬው ላይ ያለው ሰውዬ “እኔ ከሸጥኩት ዓመት አልፎኛል” ይላል። እሱን ሰምታችሁ ከክሱ አትተዉት፤ ስሙ ላይ እስካለ ይከራከር።

የኢንሹራንስ ጉዳይ ብዙ ሰው ያሳስታል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ፣ ለንብረት እስከ 100 ሺህ ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ 2 ሺህ ብር ብሎ ነበር የጀመረው። እነዚህ ቁጥሮች ሲሻሻሉ ስለሚኖሩ የእናንተ አደጋ በደረሰበት ቀን የሚሠራውን ጠይቁ። ዋናው ነገር ግን ጣሪያው የኢንሹራንሱ ጣሪያ እንጂ የባለንብረቱ አለመሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ባለንብረቱ ከኪሱ ይከፍላል። “ኢንሹራንሱ ይሄን ያህል ብቻ ነው የሚከፍለው” ሲሏችሁ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት። ገጭቶ የተሰወረ መኪና ወይም መድን የሌለው ከሆነ የመድን ፈንድ የሚባል አለ፤ ለአካል ጉዳትና ለሞት እሱ ይከፍላል፣ ለፖሊስ በወቅቱ ካመለከታችሁ።

የዛሬ ልጆች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰው መሬት ላይ ወድቆ እየደማ ሃያ ስልክ ይወጣል፤ ቪዲዮው ሰውዬው አምቡላንስ ውስጥ ሳይገባ ይሰራጫል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና አንሡት እላለሁ ሁልጊዜ። ይህን እያልኩ ግን ባለፉት ዓመታት ካሸነፍናቸው መዝገቦች ጥቂት የማይባሉት እንደዚያ ባለ ቪዲዮ ነው ያሸነፉት። እንግዲህ መጀመሪያ አንሡት፣ ቀጥሎ ቅረጹ። ስትቀርጹ ሰሌዳው፣ የፊት መስታወቱ ላይ ያለው የመድን ተለጣፊ፣ የጎማው ፍሬን ምልክትና መኪናው የቆመበት ቦታ ይታይ። መኪናው ከተነሣ በኋላ የተነሣ ፎቶ ብዙም አያወራም። ድሮ ትራፊክ ፖሊሱ በሜትር ለክቶ ፕላኑን በእርሳስ ይስል ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ቁጥሩ ሁሉ ይደበዝዛል። አንድ ጊዜ “12” ይሁን “17” ሜትር ብለን ግማሽ ቀን ተከራክረናል።

ከፖሊስ ጋር የሚያመልጣችሁ ነገር ይህ ነው፦ ተጎጂው ሆስፒታል ስላለ ቃል የሚሰጠው ሹፌሩ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቤተሰብ ሄዶ የተጎጂው ቃል አልተወሰደም ብሎ መርማሪውን ያሳስብ። የጀብሎውን፣ የሱቁን ልጅ ስልክ ያዙ፤ ከሁለት ወር በኋላ አታገኟቸውም።

ሆስፒታል ካርዱን በመጀመሪያው ቀን አንብቡት። “የመኪና አደጋ” ይበል፣ ስምና ዕድሜ ከመታወቂያው ጋር ይግጠም። ደረሰኝ ላይ የተጎጂው ስም ይኑር። ብረትና ብሎን ብዙ ጊዜ ከሆስፒታሉ ውጭ ነው የሚገዛው፤ ሻጩ ደረሰኝ አልቆርጥም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ብረት ፍርድ ቤት ሲደርስ ማስረዳት ፈተና ነው። የሐኪሙን ማዘዣ ፋርማሲ ከመተዋችሁ በፊት ፎቶ አንሡ።

የቦርድ ማስረጃን ቁስሉ ሳይደርቅ አትሩጡበት፤ ቀድሞ የተሰጠ መቶኛ ከቆይታ በኋላ ከሚታየው ጉዳት ሊያንስ ይችላል። ግን አትዘግዩ። የካሣ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ሲሞላው በይርጋ ይታገዳል፤ የመክሰሻ ጊዜው አለፈ ማለት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ያ ይሠራል፤ በዚህ ተማምናችሁ ግን አትተኙ። ቦርዱ ካልደረሰ ክሱን አቅርቡና ፍርድ ቤቱ ቦርድ እንዲያስመረምር ጠይቁ፤ ክስ ማሻሻል ይፈቀዳል። ብረት ለማስወጣት የሚያስፈልገውን የወደፊት ወጪም አካትቱ፤ መድረሱ የማይቀር ጉዳት እስኪደርስ አይጠበቅም።

ደሞ መቶኛውን ብቻ ይዛችሁ አትቁሙ። የሸክም ሠራተኛ እግርና የልብስ ሰፊ እግር 40 በመቶ ሲባሉ እኩል አይደሉም። ሸክም የሚያወርደው ሙያውን በሙሉ ነው ያጣው፤ ይህን በምስክር አሳዩ። ገቢያችሁ በደረሰኝ ካልሆነ አሠሪና የሥራ ባልደረባ ምስክር አቅርቡ።

የሕሊና ጉዳት ካሣ ብላችሁ መቶ ሺዎች የምትጽፉ አላችሁ። ሕጉ በቁጥር 2116 ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ይላል። በ1952 ዓ.ም. ሺህ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ መሳቂያ ነው፤ ሕጉ እስኪሻሻል ግን ያው ነው። ጻፉት፣ አትከራከሩበት፣ ጊዜያችሁን የገቢ መቀነስ ላይ አውሉ። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌ ማስረጃ ይዞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 መሠረት በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ እንዲከስ ያመልክት።

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ሽማግሌዎቹን አታባርር። ገንዘቡንም አትጥላ፤ ሕክምና ገንዘብ ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ግን “ይህ ብር 60,000 እስከ ዛሬ ድረስ ላወጣሁት የሕክምና ወጪና ለዕለት ፍጆታዬ የተሰጠ ነው፤ ለዘላቂ የአካል ጉዳትና ለወደፊት ሕክምና ያለኝን መብት አይነካም፤ ወደፊት ካሣ ቢወሰን ከዚያ ላይ ይታሰባል” ብለህ አስጽፍ። ይህን እምቢ ካሉ እግርህ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ እነሱም ያውቃሉ ማለት ነው። ረቂቁን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ችሎት ላይ ብሆንም ላክልኝ፤ ወጥቼ አነበዋለሁ።