ቫዝሊን ወይስ ሎሽን?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ከጥቅምት ጀምሮ እጄ ይሰነጣጠቃል። ጠመኔው ደግሞ ያባብሰዋል። «ፒኤች 5.5» የሚል ሎሽን ገዛሁ። ቫዝሊኔ ላይ ግን ቁጥር የለም። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥር ስለሌለው ቫዝሊንሽን አትጠርጥሪው። ፒኤች አንድ ነገር ምን ያህል አሲድ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል። የሚለካው ውኃ ባለበት ነገር ነው፤ ቫዝሊን ውስጥ ውኃ የለም። ሎሽን ግን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይለካል። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሎሽንሽ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሳሙናሽ ነው። ተራ ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፤ የቆዳን ወዝ ጠርጎ ይወስዳል። በልብስ ሳሙና እጅሽን አትታጠቢ፣ አደራ።

ሎሽን ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይሰርጋል። ቀን ክፍል ስትገቢ እሱን ተቀቢ። ቫዝሊን ወፍራም ነው፤ ላዩ ላይ ተኝቶ እርጥበቱን ያፍናል፣ ግን የጠመኔ ብናኝ ይይዝብሻል። እሱን ለማታ አድርጊው። እጅሽ ሳይደርቅ፣ ገና እርጥብ እያለ ቀቢውና እጅሽ ላይ የጥጥ ካልሲ አጥልቀሽ ተኚ። እኔ ቡሬ ሳድግ እናቴ ማታ ማታ ለጋ ቅቤ ትቀባን ነበር፤ እሱም እርጥበት ያፍናል፣ ሽታው ግን አንሶላ ላይ ይቀራል። ስንጥቁ ከደማ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ሂጂ።