የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዓሣ ነባሪን ለማየት ወደ ሰሜን ኖርዌይ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ኦስሎ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በጁላይ ወር እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። የነነዌን ጾም በጾመች ቁጥር የዮናስን ታሪክ ለልጅ ልጆቿ በስልክ ስትተርክ የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ዓሣ አንበሪን በሕይወት እያለች በዓይኗ ብታይ ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ትሮምሶ ሄደን ከዚያ በጀልባ እንውጣ ይላል። ጓደኛዬ ግን አምና በዚያው በጁላይ ከትሮምሶ ወጥታ የባሕር ወፍ ብቻ አይታ ተመለሰች። ገንዘባችን ባክኖ እንዳይቀር የትኛው ቦታ ይሻለናል? እናቴ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም። ማዕበሉና ብርዱስ አይከብዳትም?
አንባቢ፣ ከኦስሎ

መልስ፦ ጓደኛዎን የገጠማት ነገር የዕድል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በሰሜን ኖርዌይ ዓሣ ነባሪ በብዛት የሚታይባቸው ሁለት ወቅቶችና ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚያዝነውም የአንዱን ወቅት ከሌላው ቦታ ጋር ስለሚያቀላቅል ነው። ከትሮምሶ የሚነሱ ጀልባዎች የታወቁት ኦርካና ሃምፕባክ በሚባሉት የዓሣ ነባሪ ዓይነቶች ሲሆን፣ እነዚህ ወደ ፊዮርዶቹ፣ በተራሮች መካከል ወደ የብስ ወደ ገቡት ጠባብ የባሕር ክንዶች፣ የሚገቡት ሄሪንግ የተባለው ዓሣ የብርዱን ወራት ለማሳለፍ እዚያ ሲከማች፣ ማለትም ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ ድረስ ነው። በጁላይ ያ ሁሉ ሄሪንግ ወደ ሰፊው ውቅያኖስ ወጥቷል፤ ተከታዮቹም ከእርሱ ጋር ሄደዋል።

ስለዚህ በጁላይ ከሆነ ምክሬ አንድ ነው፦ ወደ አንዴነስ ይሂዱ። አንዴነስ በአንዶያ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከወደቧ ብዙ ሳይርቅ የባሕሩ ወለል በድንገት ይቆረጥና ከ1000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ብሌይክ የሚባለው ገደል ይጀምራል። በአገራችን የሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይ ቆሞ ያየ ሰው መሬት በአንድ እርምጃ እንዴት እንደሚከዳ ያውቃል፤ ይህም እንደዚያ ያለ ገደል ነው፣ ልዩነቱ በውኃ መሞላቱ ብቻ ነው። በዚያ ጥልቀት ውስጥ ስኩዊድና ልዩ ልዩ ዓሣ ስለሚገኝ፣ ስፐርም ዌል የሚባለው ባለ ትልቅ ራስ ዓሣ ነባሪ ለአደን ይመጣል። እስከ ሰሜን ድረስ የሚዘልቁት ወንዶቹ ናቸው፤ እናቶችና ግልገሎች ሞቃት ባሕር ውስጥ ይቀራሉ። ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰ ወንድ 16 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል፤ አንጎሉም በምድር ላይ ካሉ እንስሳት ሁሉ ትልቁ ነው።

ጉዞው ምን እንደሚመስል አስቀድመው ለእናትዎ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው በመጠበቅ ነው። ጀልባው ገደሉ ዘንድ ሲደርስ ካፒቴኑ ሞተሩን ያጠፋና ሃይድሮፎን የሚባለውን፣ ውኃ ውስጥ የሚሰማ ማይክሮፎን ያወርዳል። ከታች የሚመጣው ድምፅ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል፣ አናጢ በሩቅ ሆኖ ምስማር የሚመታ የሚመስል ነው። እንስሳው በጨለማው ውስጥ ምግቡን የሚፈልገው በዚህ ድምፅ ገደል ማሚቶ ነው። እኔ በወጣሁበት ቀን ድምፁ ድንገት ተቋረጠ፤ አስጎብኚዋ እጇን አንሥታ «አሁን እየወጣ ነው» አለች፤ ጀልባው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ከግራ በኩል እንደ ተትጎለጎለ ጢስ ያለ ትንፋሽ ተመለከትን። የስፐርም ዌል አፍንጫ ራሱ ጫፍ ላይ ወደ ግራ ያደላ በመሆኑ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ግራ አዘንብሎ ይወጣል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሩቅ የሚለዩት በዚህ ነው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ተጋደመ ግንድ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይተነፍሳል። ጀርባውን ጎበጥ ሲያደርግ ካሜራ ያዘጋጁ፤ ጅራቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ አንሥቶ ይሰጥማልና፣ ብዙውን ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይመለስም።

ስለ ማዕበሉ ያለዎት ሥጋት ትክክለኛ ነው። አንዴነስ ፊቷ ለሰፊው ባሕር የተጋለጠ ስለሆነ፣ ጸጥ ባለ ቀን እንኳ ጀልባው ይወዛወዛል። በአየር የተነፋ ጎን ያላቸው ፈጣን ትንንሽ ጀልባዎች ስላሉ የወረቀቱን ሥዕል አይተው አይምረጡ፤ እነርሱ ወገብንና ጉልበትን ይጎዳሉ፣ ለእናትዎ ዕድሜም አይሆኑም። ውስጡ ሞቅ ያለ ማረፊያ ክፍልና መጸዳጃ ያለውን ትልቁን ጀልባ ይያዙ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚጠቅመው ከመሳፈር አስቀድሞ ሲወሰድ ነው፤ እናትዎ የደም ግፊት ወይም የሌላ በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ያለ ፋርማሲ ባለሙያ ምክር አይስጧቸው። መወዛወዙ የሚያንሰው መካከሉ ላይ ስለሆነ እዚያ ያስቀምጧቸው፤ ዓይናቸውን ከስልክ አንሥተው አድማሱ ላይ እንዲያሳርፉ ይንገሯቸው። ባዶ ሆድ ከጠገበ ሆድ ብዙም አይሻልም። በከረጢት የተያዘ ቆሎና የዝንጅብል ሻይ ከማንኛውም ነገር በላይ እንደ ረዳኝ በልበ ሙሉነት እመሰክራለሁ።

ብርዱን በተመለከተ በጁላይም ቢሆን ባሕሩ ላይ ይበርዳል። ከሥር የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬት ያስፈልጋል። እናትዎ ጋቢያቸውን ትተው እንደማይመጡ እገምታለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ይልበሱት፣ ከላይ ወደ መቆሚያው ሲወጡ ግን ጥጥ ውኃ ከነካው ስለማያሞቅ ይተኩላቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ቀን ብቻ ይዘው አይሂዱ። ነፋስ ከበረታ ጀልባ አይወጣም። ብዙ ድርጅቶች ዓሣ ነባሪ ካልታየ ሌላ ጉዞ በነጻ እንሰጣለን ይላሉ፤ በማግስቱ ማለዳ አውሮፕላን ላለው ሰው ይህ ተስፋ ምንም አይጠቅመውም። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደሩ። እስከ ጁላይ አጋማሽ ፀሐይ ጨርሳ ስለማትጠልቅ የማታ ጉዞም ይገኛል። እናትዎ ጿሚ ስለሆኑ ይህንንም ልጨምር፦ የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ቀን ነው፤ ጀልባ ላይ የሚቀርበው ሾርባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዓሣና ክሬም ያለበት ነው። ከጾሙ ፍቺ በኋላ ባለው ሳምንት ብትሄዱ ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ በቀር እናትዎ ከሌላው ሰው ጋር ትኩስ ነገር መቅመስ ይችላሉ።

ባለቤትዎ አሁንም ትሮምሶን ከመረጡ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ያቆዩት። ያን ጊዜ ኦርካዎች ሄሪንጉን ከብበው ወደ ላይ ሲነዱትና በጅራታቸው መትተው ሲያደነዝዙት፣ ሃምፕባክም አፉን ከፍቶ መሐል ለመሐል ሲወጣ ማየት ይቻላል። ነገር ግን ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ወገግታ ብቻ ይኖራል። ሄሪንጉም ቦታ ይቀያይራል፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሎፎተን ደሴቶች ወደ ምሥራቅ ባለው ቲስፊዮርድ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ከትሮምሶ በጀልባ ሰዓታት ወደሚወስደው ወደ ሺየርቮይ ተዛውሯል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት «በዚህ ሳምንት የት ታዩ?» ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኖርዌይ ዛሬም ዓሣ ነባሪ የምታድን አገር ሆና ሳለ፣ ለማየት ብሎ ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነው? ጀልባው ራሱስ እንስሳውን አይረብሸውም?
አንባቢ፣ ከጎተንበርግ

መልስ፦ ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1982 የንግድ አደን እንዲቆም ወስኖ ውሳኔው ከ1986 ጀምሮ ሲጸና፣ ኖርዌይ ተቃውሞዋን አስመዝግባ በ1993 አደኑን ቀጥላለች። የሚታደነው ሚንኬ የተባለው አነስተኛው ዓይነት ነው፤ በአንዴነስ የሚታየው ስፐርም ዌል አይታደንም። ለእኔ እንደሚታየኝ፣ ሕያው እንስሳ ለዓሣ አጥማጅ ከተማ እንጀራ መሆኑ ለአደን ተቃዋሚዎች መልካም ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ስፐርም ዌል ላይ ቆይቶ የሚተነፍሰው ለሚቀጥለው ጥልቅ ጉዞ አየር ለማጠራቀም ነው። ጀልባ ሲጠጋው ትንፋሹን ሳይጨርስ፣ አንዳንዴም ጅራቱን ሳያነሣ ቀድሞ ይሰጥማል፤ ይህ እንደተረበሸ ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው። አንድ ጊዜ በብርዱ ወራት በተሳፈርኩበት ጀልባ ላይ ካፒቴኑ የኦርካ ቤተሰብን ከኋላ በፍጥነት አባረረ፤ ትንሿ ግልገል ከእናቷ ጎን ተለጥፋ ስትሸሽ አይቻለሁ። ተሳፋሪው ያጨበጭብ ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን የከፈልኩትን ገንዘብ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። ደህና ካፒቴን ከፊት ለፊት አይገጥምም፣ መንገድ አይዘጋም፤ ከጎን በዝግታ ቀርቦ ርቀቱን ይጠብቅና ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ይቆማል፤ መቅረብ ከፈለገም እንስሳው ራሱ ይቀርባል። ሌሎች ጀልባዎች ቀድመው ከደረሱ ተራውን ይጠብቃል። ቦታ ሲይዙ ይህን ሁሉ ይጠይቁ፤ መልሱ «በጣም እናስጠጋዎታለን» የሚል ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ወደ ሬስቶራንት ሲገቡም የምግብ ዝርዝሩን ያስተውሉ። በኖርዌይኛ «ቫል» ማለት ዓሣ ነባሪ ነው፤ የሚቀርበውም ጠቆር ያለ፣ የበሬ ሥጋ የሚመስል ሥጋ ስለሆነ ሳያውቁ ሊያዝዙት ይችላሉ።