ዓሣዎቹ የሚያልቁት በበሽታ አይመስለኝም

ከቀበሌ 14 አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ 60 ሊትር አኳሪየም ገዝቼ በዚያው ዕለት ስምንት ጎልድ ፊሽ አስገባሁ። በአምስተኛው ቀን ሁለቱ ሞቱ። ጓደኛዬ ውሃውን በሙሉ ደፍቶ፣ ጠጠሩንና የፊልተሩን ስፖንጅ በላርጎ አጥቦ ከቧንቧ ሞላልኝ። በማግስቱ ሦስት ሞቱ። የቀሩት ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ መተንፈሻቸው ደም መስሏል። ሻጩ በሽታ ነው ብሎ ሰማያዊ መድኃኒት ሰጠኝ። ልጨምረው?»

አትጨምረው። መጀመሪያ ግን እጅህን ውሃው ውስጥ ከመክተትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል። ፓምፑንም፣ ማሞቂያውንም፣ መብራቱንም።

አዲስ ገንዳ፣ አምስተኛ ቀን፣ የቀላ መተንፈሻ፤ እነዚህን አንድ ላይ ስሰማ ዓሣውን ሳላይ አሞኒያ ነው እላለሁ። ዓሣ አሞኒያ የሚያስወጣው በአብዛኛው በመተንፈሻው ነው። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ እሱኑ ይሆናል። ስምንት ዓሣ በ60 ሊትር ውስጥ ማለት ስምንት ሰው መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ማለት ነው።

ይህን ነገር ለሰው ሁሉ በእርሾ ነው የማስረዳው፤ ለአንተም ልድገመው። እናትህ ጤፍ ስታቦካ ዱቄትና ውሃ ብቻ ደባልቃ በማግስቱ አትጋግርም። እርሾ ትጨምራለች። ከሌላት ከጎረቤት ትዋሳለች። ቡሃቃውንም እንደ ሳህን በሳሙና አትፈትገውም፤ እዚያ ግድግዳው ላይ የቀረው ነው የሚቀጥለውን ሊጥ የሚያነሳው። የአኳሪየም እርሾ ስፖንጁ ላይ ነው። ደህና የቆየ ስፖንጅ ጨምቀህ ብታየው ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይወጣል። ሰው ቆሻሻ ይለዋል። ባክቴሪያ ነው። አንደኛው ዓይነት አሞኒያውን በልቶ ናይትራይት ያደርገዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛው ዓይነት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ እሱ ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይር ይወጣል። ይህ እርሾ እስኪነሳ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ሁለተኛው ዓይነት ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ «ተሻላቸው» ባልክበት በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሞት ሊኖር ይችላል። አትደንግጥ።

እንግዲህ ጓደኛህ ምን አደረገ? መነሳት የጀመረችውን ጥቂት እርሾ በላርጎ አጠበ። ላርጎ! በላዩ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ ቸለሰበት። ክሎሪን የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል፣ ባክቴሪያውንም ይገድላል። በየቤቱ የምጠራው እንዲህ ያለ «ጽዳት» ከተካሄደ በኋላ ነው።

አሁን ስፖንጁንና ጠጠሩን ሳሙና እስኪለቅ በውሃ ብቻ ደጋግመህ አለቅልቅ። 20 ሊትር የቧንቧ ውሃ በሰፊ ባልዲ ሞልተህ ክፍቱን አሳድር። ጀሪካን አይሆንም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ ክሎሪኑ ቶሎ አይወጣም። ሮቶህ ውስጥ ውሃ አጋር የምትጨምሩ ከሆነ ከሮቶው አትቅዳ፤ እሱም ክሎሪን ነው። ነገ የገንዳውን ሲሶ አውጥተህ በዚህ ተካ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ። ሁለት ቀን ምንም አታብላ። ከዚያ በኋላ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ቁንጥር ብቻ። ደህና አኳሪየም ያለው የምታውቀው ሰው ካለ ከስፖንጁ ቁራጭ ለምንና ፊልተርህ ውስጥ ክተት። እርሾ መዋስ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ስፖንጁን የምታጥበው ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ፣ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ ብቻ ነው።

ከገንዳው ጋር ማሞቂያ ሰጥተውህ ከሆነ አውጣው። ጎልድ ፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ለባሕር ዳር አየር ማሞቂያ ምን ሊያደርግለት? ሞቃት ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይይዝም፤ እኛም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። ርካሾቹ ማሞቂያዎች ቴርሞስታታቸው ተጣብቆ ይቀርና ዓሣውን ይቀቅሉታል። መስታወታቸው ተሰንጥቆ ውሃውን ኤሌክትሪክ ያደረጉም አይቻለሁ። አንዴ ነዝሮኝ ክንዴ ሙሉ ቀን ደንዝዞ ውሏል። ነቅለህ ሩብ ሰዓት ጠብቅ፣ ከዚያ አውጣ።

የአየር ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጠው። ታች ካለ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፤ መብራት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስበው። ዲቫይደሩንም ከገንዳው ስር አታድርገው። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ውሃ ቢወርድበት መሬት ላይ እንዲንጠባጠብ። እጅህን በከተትክ ቁጥር፣ ለአንዲት ቅጠልም ቢሆን፣ ንቀል።

«የጣና ውሃ ቅዳ፣ የተፈጥሮ ነው» የሚልህ አይጠፋም። አትስማው። ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይመጣል፤ እርሾው ደግሞ የሚኖረው በውሃው ውስጥ ሳይሆን በሚጣበቅበት ነገር ላይ ነው።

ሦስቱ ከተረፉ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ አትግዛ። እውነቱን ለመናገር ሦስቱም ለ60 ሊትር ይበዙብሃል፤ ጎልድ ፊሽ ያድጋል። ሲያድጉ ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ስጥ እንጂ ጣና አትልቀቃቸው። ሐይቁ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የራሱ ነጭ ዓሣዎች አሉት፤ እምቦጭም ይበቃዋል።